ሦስት ሽማግሌዎችና የግሮቭ ሲቲው ተራራ

ታዴዎስ ልጁን ለመዳር ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጤነኛ ሰው የሚያስቀምጠው ዓይነት አልነበረም። "ሽማግሌ ይላኩ፤ በሬን አልዘጋም። ግን በስልክ አይሆንም፣ በዙምም አይሆንም። ቤቴ ድረስ በእግራቸው ይምጡ" አለ። ቤቱ ያለው ኮሎራዶ፣ ተራራ ላይ ነው። በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ለሚያቋርጡ ሰዎች ማደሪያ የሆነች አንዲት የእንጨት ቤት ይጠብቃል፤ ብርዱ ከገባ እስኪወጣ ድረስ መኪና አይደርስባትም። መንገዱ የበረዶ ናዳ የሚወርድበት ስለሆነ ደግሞ፣ አድቫንስድ የአቫላንች ትሬኒንግ ያልወሰደ ሰው እንዳይሞክረው አለ። ይህን ሁሉ የተናገረው ለልጁ ለማራናታ ነው። ማራናታ ለእጮኛዋ ለቢሩክ ነገረችው፤ ቢሩክ የእህቴ ልጅ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሎ መጥቶ ለእኔ ነገረኝ።

"ሰውየው ቀልዱን ነው" አልኩት።

"አክስቴ፣ ሲሪየስ ነው። ማራናታ ደጋግማ ኮል አድርጋለታለች። ሴፍቲ ነው፣ አልቀልድም ነው የሚላት።"

እኔ ማንያህልሻል እባላለሁ። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፤ የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቢሩክ እናቱ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር፤ ከዚህ ገንዘብ እየላክሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዲቪ ደርሶት ኮሎምበስ ሲገባም ኤርፖርት ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የዚህን ልጅ ወግ ማዕረግ ሳላይ ብሞት ዓይኔ አይከደንም። ማራናታንም እወዳታለሁ፤ የልቧን ፊት ለፊት ትናገራለች፣ ስትስቅም ከልቧ ነው። እዚሁ ኦሃዮ የተወለደች ልጅ ናት፣ ግን "አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም" ያለችው ራሷ ናት። ፍርድ ቤት ሄደው ቢፈራረሙ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እንደሚያልቅ እያወቀች ማለት ነው።

ታዴዎስ ደግሞ ያለ ምክንያት አላበደም። ምክንያቱ ጋሼ ዓባይነህ ናቸው።

ኮሎምበስ ውስጥ ባልና ሚስት ተጣልተው የሚታረቁት ጋሼ ዓባይነህ ሳሎን ነው። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ጎማ ቤት ከፍተው፣ ፒከሪንግተን ላይ ትልቅ ቤት የገዙ የተከበሩ ሰው ናቸው። እምቢ የሚባል ቃል ግን ሰምተው አያውቁም። የሚላቸው ጠፍቶ አይደለም፤ ጆሯቸው አይቀበለውም። ታዴዎስ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ "አልታረቅም" ብሏቸው ነበር። ጋሼ "ለምን?" አሉት። ምክንያቱን ነገራቸው፤ ምክንያቱን አፈረሱበት። ሌላ ምክንያት አመጣ፤ እሱንም አፈረሱበት። እሑድ በመጣ ቁጥር ሶፋው ላይ ተቀምጠው እየዋሉ፣ በመጨረሻ ሰውየው ከድካም ብዛት "እሺ" አለ። ታረቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ድመትና ውሻ ተናክሰው ተለያዩና፣ እሷ ዳላስ ገባች፣ እሱ ተራራ ላይ ወጣ። "ሽማግሌ የማይወጣበት ቦታ ፈልጌ ነው" ብሏል ይባላል።

"እንግዲያው ሌላ ሽማግሌ እንፈልግ" አልኩ።

"ታዴዎስን የማውቀው እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ። "ዋናው ደጁ መድረስ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፤ ባለቤቱ አንዴ 'ተቀመጡ' ካለ ነገሩ አለቀ። እኔ ተቀመጥ ተብዬ ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም።"

ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለተኛው ግርማቸው ሆነ፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ጋሼ ያሉትን ሁሉ "ልክ ነው" የሚል ሰው። ሦስተኛ የተባለው ሰው የናዳውን ነገር ሲሰማ ወገቤን ብሎ ቀረ። ከሱ በኋላ የተጠየቁትም ሁሉ ወገባቸውን ታመሙ። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ደህና ወገብ ያለው ወንድ አልተገኘም።

"እኔስ?" አልኩ።

ጋሼ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ግን ጊዜው ከፍቷል። ከኋላ ትሆኛለሽ፤ አትናገሪም፤ ቁጥር ትሞያለሽ።"

ለቢሩክ ስል ዋጥኩት።

"መጀመሪያ ቀን እኮ መልስ አይሰጥም" አለ ግርማቸው፣ ድንገት ትዝ ብሎት። "ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ታዲያ ናዳውን ሁለቴ ልናቋርጥ ነው?"

"ደንቡ ነው" አሉ ጋሼ።

"ልክ ነው" አለ ግርማቸው፣ ፊቱ እየገረጣ።

ኮሎምበስ ሜዳ ነው። እንቁላል መሬት ላይ ብታስቀምጥ ባስቀመጥካት ቦታ ታድራለች። እንዲህ ባለ ከተማ የበረዶ ናዳ የሚያስተምር ሰው ይገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ማራናታ ግን አገኘች። ጆሊን ትባላለች። ተራራ ላይ ያደገች፣ የባሏ ሥራ ጎትቶ ኦሃዮ ያመጣት ሴት ናት። ማስታወቂያዋን ካወጣች ቆይታለች፤ አንድ ሰው እንኳ አልተመዘገበላትም። ሦስት ሰው በአንዴ ሲመጣላት ስልኩ ላይ አልቅሳለች።

"ቤዚኩን ወስዳችኋል?" አለችን በመጀመሪያው ቀን። ጋሼ እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፤ አማርኛ እያሰቡ ነው የሚናገሩት እንጂ።

"ልጄ፣ ስንት ዓመቴ ይመስልሻል? በዚህ ዕድሜዬ ከጀማሪ ጋር ልቀመጥ?"

ጆሊን ቤዚኩንም አድቫንስዱንም አንድ ላይ ልታስተምረን ተስማማች። ጋሼን እሺ ማለት የጀመረችው ከዚያች ሰዓት ነው፤ አላወቀችውም እንጂ።

የአደጋ መጠን ከአንድ እስከ አምስት ነው አለች። በየጠዋቱ ባለሙያዎች በረዶውን አጥንተው ቁጥሩን ያወጣሉ። ሦስት ሲሆን አሳሳቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም ሦስት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሦስትን ይንቀዋል።

ጋሼ እጃቸውን አወጡ። "ይህ ሦስት የተባለው፣ ሁለት ቢባል ማንን ይጎዳል?"

"አልገባኝም" አለች ጆሊን።

"አንቺ አንድ ዝቅ በይ፣ እኛም አንድ ከፍ እንላለን። መሐል ላይ እንገናኝ።"

"ቁጥሩን የማወጣው እኔ አይደለሁም።"

"እንግዲያው አለቃቸውን አገናኚን። ተነጋግረን የማንፈታው ነገር የለም።"

"ልክ ነው" አለ ግርማቸው።

ጆሊን የበረዶውን ንብርብር ሥዕል አወጣች። ከታች ያለው ደካማ ከሆነ የላዩ ይንሸራተታል አለች። ጋሼ ሥዕሉን በጥሞና አዩና፣ የላዩና የታቹ የተጣሉበት ምክንያት ምን እንደሆነ ጠየቋት። መሳቅ አማረኝ፤ ግን ቁጥር እንድሞላ ነው የመጣሁትና ሳቄን በመዳፌ አፈንኩት።

ተራራው የተገኘው በቢሩክ ነው። በዚያ የካቲት መጀመሪያ ከባድ በረዶ ጥሎ ነበር። እሱ የሚሠራበት መጋዘን፣ ግሮቭ ሲቲ ያለው ዌርሃውስ፣ ግዙፍ ፓርኪንግ ሎት አለው፤ የጠራጊ መኪኖቹ በረዶውን ሁሉ ገፍተው ጥጉ ላይ ከምረውት፣ ፎቅ ቤት አክሎ ነበር። ጥቁር ነው፤ ጨውና የመኪና ዘይት ጠጥቷል። ከጎኑ የተሰበረ የእንጨት ፓሌት ወጥቷል፤ አናቱ ላይ ብርቱካናማ የመንገድ ኮን ተሰክቷል። ቢሩክ ሱፐርቫይዘሩን አስፈቀደ። ምን ብሎ እንዳስፈቀደ አልጠየቅሁትም።

ጆሊን ቁልሉን ዙሪያውን ዞራ አየችው። ከዚያ "ጀርባው ጥሩ ሰላሳ ስምንት ዲግሪ ያጋደለ ነው" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተራራ ናፍቋታል።

የመጀመሪያው ልምምድ ማቋረጥ ነው። አደገኛ ቦታ ላይ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው፤ ሌላው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ናዳ ከመጣ የሚቀበረው አንድ ብቻ ይሆናል፣ የቀሩት ያወጡታል። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሦስታችን ቁልሉ ዳር ደረስን፤ ቆምን።

"ይቅደሙ ጋሼ" አለ ግርማቸው።

"አይሆንም፣ አንተ እለፍ።"

"በጌታ፣ እርስዎ እያሉ?"

"እንግዲያው ማንያህልሻል ትለፍ፤ ሴት ናት።"

"እንዴት ከእናንተ እቀድማለሁ?" አልኩ። እውነቴን ነው፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ስናደድ እንኳ ጋሼን መቅደም አልችልም።

ጆሊን ሰዓቷን አየች። በመጨረሻ ጋሼ መፍትሔ አገኙ፤ ክንዳችንን ያዙና ሦስታችንም እኩል አብረን አለፍን።

"ሦስታችሁም ሞታችኋል" አለች ጆሊን።

"አብረን ነው የሞትነው" አሉ ጋሼ፣ ደስ ብሏቸው።

ቁፋሮውም ከዚያ አልተሻለም። ቢከን የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ደረት ላይ ይታሰራል፣ የተቀበረ ሰው ያለበትን ቦታ በድምፅ ይጠቁማል። ጆሊን አንዱን በሻንጣ ከታ ቁልሉ ውስጥ ቀበረችው። እኔ ቶሎ አገኘሁት። አካፋ ሳነሳ ግርማቸው "ኧረ አምጪ፣ እኔ እያለሁ" ብሎ ቀማኝ፤ ጋሼ ከሱ ሊቀበሉት ሲሉ "ኧረ አይገባም" ብሎ ያዘ፤ አካፋው በመሐላችን ሲዞር ሰዓቱ አለፈና ሻንጣው ሞተ። ጆሊን እንደዚያ ነው ያለችው፤ "ሻንጣው ሞቷል።"

እውነተኛው ችግር ግን የመጣው 'አይ' ስለማለት ስትነግረን ነው።

"ይህ የአድቫንስዱ ዋና ነገር ነው" አለች። "ከመውጣታችሁ በፊት መሪው እያንዳንዱን ይጠይቃል። ከቡድኑ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይ ካለ ሁሉም ይመለሳል። ምክንያት አይጠየቅም።"

ጋሼ ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ አይ እኮ መጀመሪያ ነው። ሰው አይ ካላለሽ ምን ትሠሪያለሽ? ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።"

"እዚህ መጨረሻ ነው" አለች ጆሊን። "ምክንያት ከጠየቃችሁ ትከራከራላችሁ፤ ከተከራከራችሁ ታሸንፋላችሁ፤ ካሸነፋችሁ ትሞታላችሁ። እንለማመድ። እኔ አይ እላለሁ።"

"ትወጫለሽ?" አሉ ጋሼ።

"አይ።"

"ለምን?"

ጆሊን እጇን አነሳች። "አይጠየቅም አልኩዎት እኮ።"

"እውነትሽን ነው፤ አልጠየቅሁሽም። ግን እናትሽ አሉ?"

እናቷ አሉ። እህትም አላት፤ ከእህቷ ጋር ከተኮራረፈች ቆይታለች። ይህ ሁሉ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ እኔ ቆሜ እያየሁ ነው የወጣው። ሰዓቱ ሳይሞላ ጆሊን እያለቀሰች "እሺ፣ እወጣለሁ" አለችና ቁልሉን ወጣች። አናቱ ላይ ሆና ነው የነቃችው። ወርዳ "እንዲህ ማንም አድርጎኝ አያውቅም" አለች። ማታውኑ እህቷን ኮል አድርጋ ታረቀች። በፈተናው ግን ጋሼን ጣለቻቸው። የትሬኒንጉን ወረቀት የሚያገኙት በሚቀጥለው እሑድ፣ አይ ሲባሉ መመለሳቸውን ካሳዩኝ ብቻ ነው አለች።

ቢሩክ በዚያ ሳምንት እህል አልበላ አለ። ጋሼ ካልተላኩ ማን ይላካል? ወገቡ የዳነ ሰው የለም።

እሑድ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አስፋልቱ ላይ ውኃ ይወርዳል፤ ቁልሉ ግን እንዳለ ነው። ቢሩክና ማራናታም መጥተው ዳር ቆመዋል። ቢከናችንን አሰርን፤ ጆሊን እየዞረች መብራቱን አየችልን። ልንጀምር ስንል አንድ በጭቃ የተለወሰ ፒካፕ ገባና ቁልሉ ጀርባ ቆመ። የኮሎራዶ ታርጋ ነው።

"ኦ ማይ ጋድ" አለች ማራናታ። "ዳዲ?"

ታዴዎስ ነው። ሽበት ወርሮታል፤ ጢሙ ደረቱ ደርሷል። ልጁ ስለ ልምምዱ ስትነግረው አላምንም ብሎ፣ የሚጠብቃትን ቤት ለሰው አደራ ሰጥቶ፣ ከተራራው እዚህ ድረስ ነድቶ መጣ። ለማንም ሰላም ሳይል ቁልሉን በጀርባው በኩል ወጣና ኮኑ አጠገብ ቆመ። ቁልቁል አየን።

"በዚህ ነው የምትለማመዱት?" አለ።

"ያለን ተራራ ይሄ ነው" አሉ ጋሼ።

ታዴዎስ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "መልካም። እንግዲያው ኮሎራዶ መምጣት አያስፈልጋችሁም። ዛሬ ቤቴ እዚህ ነው። ውጡና ጠይቁኝ። ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም፤ እዚህ ከደረሳችሁ አሁኑኑ እሺ እላለሁ።"

ቢሩክ የማራናታን እጅ ጨበጠ። የልጄ ትዳር እዚያ፣ ከኮኑ አጠገብ ቆሟል፤ ትንሽ ብንራመድ እንደርስበታለን። የጋሼ ዓይን በራ። ከዚህ የቀለለ ሽምግልና በዕድሜያቸው አልገጠማቸውም።

"መጀመሪያ ይጠይቁ" አለች ጆሊን ከጎን።

ጋሼ ለወጉ ያህል ዞሩ። "ግርማቸው?"

"ልክ ነው፣ እንወጣለን።"

"ማንያህልሻል?"

"አይ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ምክንያት ከተባለ። እግሬን ቁልሉ ሥር ሳሳርፍ ውስጡ ዱም ያለ መሰለኝ። ጆሊን እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ተመለሱ ብላናለች። ምናልባት ዌርሃውሱ ጋ የሆነ ሰው የጭነት መኪና በር ዘግቶ ይሆናል። ቁልሉ እስኪቀልጥ ድረስ እንደቆመ ነው የቀረው፤ ከሱ ላይ አንዲት ጓል አልወረደችም። ከዚያ ሁሉ ሰው ይበልጥ መውጣቱን የምፈልገው ግን እኔ ነበርኩ፤ ከቢሩክ እንኳ እበልጥ ነበር።

"አክስቴ" አለ ቢሩክ። ድምፁ እንደ ሕፃንነቱ ሆነብኝ። ዞሬ አላየሁትም፤ ካየሁት ቃሌን አጥፋለሁ።

ጋሼ አዩኝ። አፋቸው ተከፈተ። የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ "ለምን?" ነው። ከዚያ እናቴ ትመጣለች፣ የሞተችው እህቴ ትመጣለች፣ ቢሩክን ያሳደግሁበት ዘመን ሁሉ ይመጣል፤ እኔም እያለቀስኩ እወጣለሁ። ልቤ አብሯቸው ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር።

አፋቸው እንደተከፈተ ቆየ። ከዚያ ተዘጋ። ሲዘጋ ሲታገሉ አየሁ።

"ተመለሱ" አሉ።

"ልክ ነው" አለ ግርማቸው፣ ግን መጀመሪያ ጋሼን ዞር ብሎ አያቸው፤ ታመው መስሎት ነው።

ጀርባችንን ሰጥተን ወደ መኪናዎቹ አዘገምን። አንድ በአንድ ነው የሄድነው፤ ጋሼ ከኋላ ሆነው እኔን አስቀደሙኝ። ቀድመው መሄድ አስጠልቷቸው ሳይሆን፣ በድንገት ሰውነታቸው ከብዷቸው ይመስለኛል።

"ጋሼ ዓባይነህ!" ብሎ ጮኸ ታዴዎስ ከላይ። "የት ነው? እሺ እላለሁ አልኳችሁ እኮ!"

"አንድ ሰው አይ ብሏል" አሉ ጋሼ ሳይዞሩ። "ተመልሰናል።"

ከዚያ የሚንሸራተት ነገር ሰማሁ፤ ናዳ መስሎኝ ክው አልኩ። ታዴዎስ ነው፤ በመቀመጫው ተንሸራቶ ወረደ። ሱሪው ጨውና ዘይት ጠግቦ፣ እየሮጠ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

"ማን ነው አይ ያለው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቢሩክን ያሳደግሽው አንቺ አይደለሽ? ለምን?"

ጋሼ ከኋላ መጥተው በመሐላችን ቆሙ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ታዴዎስን አንገታቸውን አቅንተው ነው የሚያዩት።

"አይጠየቅም" አሉት። "አይ ካለች አይ ነው።"

ታዴዎስ ጋሼን አየ። ተናዶ እንደሆነ፣ ሊስቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

"ያኔ፣ የእኔ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በዋሉ ጊዜ" አለ በቀስታ፣ "ይህን የሚያስተምርዎት ሰው የት ነበር?"

ጋሼ ጆሊንን በአገጫቸው አመለከቱት። "ገና ኮሎምበስ አልመጣችም ነበር።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ "በድዬሃለሁ፣ ታዴዎስ" አሉ።

ታዴዎስ ጢሙን ሁለቴ ዳበሰ፤ ልጁን አየ፤ ቢሩክን አየ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ በራሱ ደጅ እንደቆመ ሰው ልብሱን አስተካከለ።

"ተቀመጡ" አለ።

ሦስታችን ተያየን። ፓርኪንግ ሎት ነው፤ ወንበር የለም፣ ድንጋይ የለም። ጋሼ ማንንም ሳይጠብቁ መጀመሪያ ተቀመጡ፤ የተጠረገው በረዶ ዳር፣ ጭቃው ላይ። ግርማቸው ከጎናቸው ተቀመጠ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። የሦስታችንም ቢከን ደረታችን ላይ መብራቱ ብልጭ እያለ ነው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለች ጆሊን ማራናታን።

"ዘይ አር አስኪንግ ፎር ሚ" አለች ማራናታ፣ ለጋብቻ እየጠየቁኝ ነው ማለቷ ነው፣ እንባዋን በጓንቷ እየጠረገች።

ጆሊን ትንሽ አሰበችና እሷም ተቀመጠች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ግን በመናገር ፈንታ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ጀምሪ" አሉኝ። ቅዝቃዜው ቀሚሴን አልፎ ገባ። የታዴዎስን ስም ጠርቼ ልመናውን ጀመርኩ።